“አስጎብኚ ነበር” ተባልኩ፤ አሁን ማን ነኝ ልበል?

የግቢው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ አንድ ሳምንት አመነታሁ።

41 ዓመቴ ነው። 16 ዓመት ጎንደር ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት ፒያሳ ሻይዬን ጠጥቼ፣ ባጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ በሩ ስሄድ ሊስትሮው ሳይቀር “ጋይድ” እያለ ነበር የሚጠራኝ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ። ፈረንጁ ቀረ። ያጠራቀምኳትም አለቀች። አሁን የባለቤቴ ወንድም የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ነኝ። ሚስማር እመዝናለሁ፣ ቆርቆሮ እቆጥራለሁ። ሥራውን አልናቅኩትም፤ ልጆቼ የሚበሉት ከሱ ነው። እግዜር ይስጠው።

ግን ደንበኛ መጥቶ “32 ጌጅ ቆርቆሮ አለ?” ሲለኝ፣ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው የፋሲል ግንብ ቁመት ነው። 32 ሜትር። ያን ቁጥር በቀን አምስት ስድስቴ እል ነበር።

የባሰብኝ ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ “ምንድን ነው የምትሠራው?” አለኝ። መልስ አጣሁ። ጓደኛዬ ቀደም ብሎ “አስጎብኚ ነበር” አለልኝ። በክፋት አይደለም። ግን እዚያ ድንኳን ውስጥ ቀኑን ሙሉ “ነበር” ሲባል የዋለው ለሟቹ ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። እኔም አብሬ ተባልኩ።

እድራችን ደግሞ መዝገብ እያደሰ ነው። ፎርሙ ላይ “የሥራ ዓይነት” የሚል ቦታ አለ። ሌላውን ሁሉ ሞልቻለሁ።

ሰው ማንነቱን የሚያገኘው ከሥራው ነው? ሥራው ሲቆምስ ምን ይቀረዋል? ያለፈበት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

መምህር ዘማራኪ፦

ወንድሜ፣ እኔ የማስተምረው ሳይኮሎጂ ነው። በኛ ሙያ ስለ ማንነት ሲነሳ የኤሪክ ኤሪክሰን ስም ይቀድማል። ሰውዬው ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ጀርመን ያደገ ነው። ኤሪክሰን የሚለውን ስም እንኳ የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ራሱ ነው ያወጣው። የጉርምስና ትልቁ ትግል “እኔ ማን ነኝ?” የሚለው ነው ይላል። ወጣቱን ከሁሉ በላይ የሚያውከውም አንድ የሥራ ማንነት ላይ መርጋት አለመቻሉ እንደሆነ ጽፏል።

ከሱ በኋላ ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣቶችን ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ እየጠየቀ ሁለት ነገር አየ። ፈትሸዋል ወይ? ወስነዋል ወይ? ሳይፈትሽ ቤተሰቡ የሰጠውን የያዘ አለ። ፈትሾ የወሰነ አለ። ገና የሚፈልግ አለ፤ ሁለቱንም የተወም አለ። አንተ ወስነህ የኖርክ ሰው ትመስለኛለህ። አሁን ፍለጋው እንደገና ተከፈተብህ። ይሄ በ41 ዓመትም ይመጣል።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ግን የማሪየንታልን ታሪክ ነው። ማሪየንታል የኦስትሪያ መንደር ናት። በ1930 አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ሄደው ሥራ ያጡትን ሰዎች አጠኑ። ሰዓት ይዘው አረማመዳቸውን ሳይቀር ለኩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ቀስ ብለው ይሄዱ ነበር፤ ሴቶቹን የቤቱ ሥራ ይጠብቃቸዋላ። ጊዜ ተርፏቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። ያሆዳ ኋላ ላይ ስታስረዳ፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለቀኑ ሥርዓት፣ ከሰው መገናኘት፣ የጋራ ዓላማ፣ ማዕረግና እንቅስቃሴ ይሰጣል ትላለች። መደብሩ ከነዚህ የትኞቹን ሰጥቶሃል? የትኛው ነው የጎደለህ? እሱን ለይተህ ንገረን።

የሸማኔ ልጅ፦

መምህር ያሉት ጥሩ ነው። ግን ፈትሾ መወሰን ለሁሉም ሰው የተሰጠ አይመስለኝም። አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ሥራውን አልመረጡትም፤ ከአባታቸው ነው የተቀበሉት። ትምህርት ቤት “የሸማኔ ልጅ” ሲሉኝ ስድብ ነበር። ዛሬ ወድጄ ነው ስሜ ያደረግኩት። በአገራችን ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ በሰው ላይ የተሠራውን ሁላችንም እናውቃለን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሥራ ማንነት ሲሆን ሁልጊዜ ክብር ይዞ አይመጣም።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ። አባቴ ዓይናቸው ደከመ። መወርወሪያው ተሰቀለ፣ ጉድጓዱም በሳንቃ ተከደነ። ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ሲያልቅ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው የጋቢ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይይዛሉ። ጠርዙን ሄድ መለስ አድርገው ያሹታል። “ይሄ የእጅ ነው፤ ማጉ ግን ሳስቷል” ይላሉ። ወይም “የማሽን ነው” ብለው ይለቁታል። ሰውም ለምዷቸው ገና ሳይጠይቁ ጫፉን ያቀብላቸው ነበር። ያኔ ሥራ ካቆሙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። 32 ሜትር ስትል እሳቸው ትዝ አሉኝ፤ የጻፍኩልህም ለዚሁ ነው።

ባለባጃጁ፦

የኔ ተቃራኒ ነው ጋሼ። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ባጃጅ ላይ ነኝ። ሰፈር ውስጥ “ኢንጂነር” ይሉኛል፤ አንድም ቀን ሠርቼበት አላውቅም። እርስዎን “ነበር” አሉዎት፣ እኔን ገና ያልሆንኩትን “ነህ” ይሉኛል። ተሳፋሪ ፊት ሲጠሩኝ እሸማቀቃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚሁ ተወልጄ ግቢው ውስጥ የገባሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ። ያገር ሰው አስጎብኝተው ያውቃሉ?

የግቢው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

መምህር፣ ለጠየቁኝ፦ መደብሩ ሰዓት ሰጥቶኛል፣ ሰውም አይጠፋም። የጎደለኝ የማውቀውን ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ነው። እታለም፣ የአባትሽን ነገር ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ነፍሳቸውን ይማር።

ባለባጃጁ፣ ያገር ሰው ያስጎበኘሁት ጥቂት ነው። ግን ሐሙስ ዕለት አንድ ግንበኛ ሲሚንቶ ሊገዛ መጣ። የሚጠግነው የድሮ የድንጋይ አጥር ነው፣ በኖራ የተገነባ። “ይሄማ በሲሚንቶ አይሆንም” አልኩት። ጣሊያኖች ግቢውን በሲሚንቶና በኮንክሪት መጠገናቸውን፣ ኋላ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ መተካቱን ነገርኩት። ኖራ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያስበላዋል። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሏል። የባለቤቴ ወንድም ከጓዳ ወጥቶ ቆሞ ያዳምጣል። ሲሚንቶው ሳይሸጥ ቀረ፤ ምንም አላለኝም።

ግንበኛው ሦስት ልጆች ያሠራል። አንዳቸውም ግቢው ውስጥ ገብተው አያውቁም። እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሩ ላይ ተቀጣጥረናል። አንተም ና። ባጄን ከመሳቢያ አወጣሁት፤ ገመዱ ተበጥሶ ነበር፣ የመደብሩን ሲባጎ ቆርጬ አሰርኩት። የእድሩን ፎርም ገና አልሞላሁትም።