የፍሬን ዲስክ መለኪያ ግዢ፦ ለእሁዱ የጎንደር ሾፌሮች ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄው። ክረምቱን ስንቶቻችን መሪ እየተንቀጠቀጠብን ጎማ ባላንስ አስደረግን፣ ቴስቲና (የመሪ መጋጠሚያ) ቀየርን፣ መጨረሻ ላይ የፍሬን ዲስክ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሦስት ዕቃ እንግዛ፦ የዲስኩን መወዛወዝ የሚለካ ዲያል ጌጅ ከነመቆሚያው፣ ውፍረቱን የሚለካ ማይክሮሜትር፣ የጎማ ዳዶ በልኩ የሚያጠብቅ ቶርክ ቁልፍ። በአባል 500 ብር። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የማራኪው፦ 500 ብር አላዋጣም። የሚያንቀጠቅጠው ጎማ ነው። ጎሚስታ ጋ ሂዱ፣ አለቀ።

መካኒኩ፦ ጎማ ቢሆንማ ፍሬን ሳትነካም ያንቀጠቅጥህ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ 80 ስታልፍ ይጀምርሃል፣ ፍሬን ያዝክ አልያዝክ ያው ነው። ከ100 ስትወርድ፣ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ብቻ ከመጣ ግን ፍሬኑን ጠርጥር። መሪው ከተወዛወዘ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ዲስክ ነው፣ ወንበርህ ከተንቀጠቀጠ የኋላ ታምቡር። ካላመንክ ባዶ መንገድ ላይ በ40 እየሄድክ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ሳብ፤ ካንቀጠቀጠ የኋላው ነው። ሰው ጭነህ አይደለም ታዲያ። ፍሬን ሳትነካ፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሥር ገብተህ ክሮቸራውን (የትራንስሚሽን ዘንጉን መጋጠሚያ) እና ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎሚኒዎች ነቅንቅ። ደግሞ "ዲስክ ተጣመመ" ትላላችሁ እንጂ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ነው ከቦታ ቦታ የሚለያየው። ለብዙ ትናንሽ መኪና የዲስክ መወዛወዝ ጣሪያው 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን በጣትህ ዳሰህ ልታውቀው ነው?

ባለ ዶልፊኗ፦ እኔ አዲስ ዲስክ አስገብቼ በወሩ ተመለሰብኝ። ዲስኩ ፎርጅድ ነው አሉኝ።

መካኒኩ፦ እህቴ፣ ሲገጥሙት ሞዞው (ዲስኩ የሚቀመጥበት) ላይ ያለውን ዝገት ጠርገውታል? ካልጠረጉት አዲሱም ተጣሞ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ላይ ዳዶውን በቧንቧ እያስረዘሙ አንዱን እስኪያለቅስ ያጠብቁታል፣ ሌላውን ይተዉታል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር ፍሬን ላይ ቆሞ ወርዶ፣ ዲስኩ እንደጋለ ላቫጆ ገብቶ ውኃ የሚያስደፋም አለ። ስሙን አልጠራም። በማርሽ ውረዱ።

የአዘዞው፦ እሺ ሁሉም ይሁን። ዕቃው ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

የማራኪው፦ ይሄ ነው ጥያቄው! ክሪኩ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ አሁንም ክሪክ? ፈርሞ የወሰደው ሰው ይታወቃል። እኔ መዝገብ እንጂ ክሪክ አልያዝኩም።

የማራኪው፦ መዝገቡ ላይ ፊርማ እንጂ ስም የለም። ፊርማው ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስል።

ገንዘብ ያዥ፦ አንተ ልጅ፣ ያባትህ እኩያ ነኝ። አፍህን ሰብስብ።

የአዘዞው፦ አዘዞ ይቀመጥ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም ወደ መተማ የሚሄደውም በእኛ ነው የሚያልፈው።

ባለ ዶልፊኗ፦ የደባርቅ መስመር የምንሠራውስ? ለመለካት ብለን ከተማውን አቋርጠን አዘዞ?

የአዘዞው፦ ነዳጅ ከቆጠብሽ ዲስክሽን በጣትሽ ለኪያ።

ባለ ዶልፊኗ፦ የክሪኩ ቀን ማን አዘዞ ይዞት እንደሄደ ልናገር?

ጸሐፊ፦ ኧረ በቃችሁ። እንደ ዕድር ሣጥን ሦስት ቁልፍ ይኑረው። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና እኔ አንዳንድ እንያዝ።

መካኒኩ፦ ሊቀመንበሩ መተማ፣ አንተ ደባርቅ፣ ጋሼ ለቅሶ። መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ እኔ ባለ ቁልፍ ፍለጋ ልዙር?

የማራኪው፦ በየትኛው ክሪክ?

ባለ ዶልፊኗ፦ 😂😂 በሳቅ ገደላችሁኝ።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ ከፍ ዝቅ ካልኩ ይቅርታ። የክሪኩ ነገር ስለሚያናድደኝ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ተወው፣ እኔንም ያናድደኛል።

ጸሐፊ፦ ከባሕር ዳር ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያለው ልጅስ? ማክሰኞ መልእክቱን አንብቦ እንደጠፋ ነው።

የአዘዞው፦ እኔ የምለው፣ ለምን አንድ ክፍል አንከራይም? ሣጥኑም ይቀመጣል፣ እኛም በየሻይ ቤቱ ከመሰብሰብ እንገላገላለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ያስኬዳል። መዝገቡም በኔ ቤት አይንከራተትም። 500 ግን አይበቃም።

ባለ ዶልፊኗ፦ ክፍሉ ፒያሳ አካባቢ ከሆነ እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ የአንድ ክፍል ኪራይ፣ የብረት ቁምሳጥን ከሁለት ቁልፍ ጋር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ታፔላ፣ ዲያል ጌጅ። ማይክሮሜትሩና ቶርክ ቁልፉ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፉ። በአባል 800።

መካኒኩ፦ ቆይ፣ ማይክሮሜትር ከሌለ ውፍረቱን በምን ልለካ? ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተጽፏል። ከዚያ ያነሰውን ሳላውቅ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስልጡ ብያችሁ፣ ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ቢከዳችሁ ማን ይጠየቃል? ወንበሩን ሰርዙና እሱን መልሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሁድ መጥተህ ታስረዳለህ።

መካኒኩ፦ እሁድ ሥራ ላይ ነኝ ብያችሁ ነበር።

የአዘዞው፦ ታፔላው ላይ የማን ስልክ ይጻፍ?

የማራኪው፦ የአዘዞ ሰውማ አይሆንም።