ለ15 ዓመት የምናስቀምጠው አክሲዮን፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቡና ላይ እንደተባባልነው፣ ከማኅበሩ ካዝና 600 ሺህ ብር አውጥተን የትርፍ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን እንግዛ የሚለውን ሐሳብ እዚህ እንወያይበት። ገንዘቡ 15 ዓመት አይነካም። የመጀመሪያ ረቂቄ አጭር ነው፦ «ባለፈው ዓመት ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ ከከፈሉ ባንኮች ሦስቱን መርጠን እኩል እንግዛ።» ያልተስማማችሁበትን ሳትሳሱ ጻፉ። እሁድ ለጉባኤው ይቀርባል።

ገንዘብ ያዥ
እህቴ፣ እኔን ያሳሰበችኝ «ከፍተኛ» የምትለዋ ቃል ናት። ባንኮቻችን የትርፍ ድርሻ ሲያውጁ በመቶኛ የሚያሰሉት አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን 250 ብር ካስገኘ «25 በመቶ ከፈልን» ይላሉ። ከሌላ ሰው በ1,800 ብር ከገዛነው ግን የእኛ ድርሻ 14 በመቶ እንኳን አይሞላም። እሱም ግብር ሳይቆረጥ። 18 በመቶ ያወጀ ባንክ በተጻፈበት ዋጋ ቢሸጥልን በብዙ ይሻለናል። ስለዚህ ረቂቁ «በምንከፍለው ዋጋ ሲሰላ» ይበል።

ሌላም አለ። ዓመቱ ተጋምሶ አዲስ አክሲዮን ከባንኩ ከገዛን የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ገንዘባችን በቆየበት ጊዜ ልክ ነው የሚሰላው። እሁድ ሲነገር አባላት ይህንን ይወቁት፤ በኋላ «የት ሄደ?» እንዳይመጣ።

አባል፣ ጡረታ የወጣሁት መምህር
ልጆች፣ እኔ ከሃያ ዓመት በፊት ከአንድ ባንክ 10 አክሲዮን ገዝቻለሁ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። አንድ ዓመት በትርፍ ድርሻው ተማምኜ የቤቴን ጣሪያ ለማደስ ቆርቆሮ በዱቤ ወሰድኩ። ጉባኤው ላይ ስደርስ «ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ አለፈ። አክሲዮኔ በዛ፤ እጄ ላይ ግን ምንም አልገባም። ዱቤውን ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ከፈልኩ።

አሁን ሳስበው አልተጎዳሁም። የተወለዱት አዲስ አክሲዮኖች እነሱም ትርፍ አምጥተዋል። ግን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቆርቆሮውን አልወስድም ነበር። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ይሁን ብሎ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሲሰጥ፣ ብዙ ባንክ ባለአክሲዮኑን «ትርፉን እዚሁ ተውልን» ማለቱ ከዚያ ነው። ለኛ 15 ዓመት ለምንጠብቀው ይህ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን ከየባንኩ ጥሬ ገንዘብ ስንት ዓመት እንደተከፈለ፣ ስንት ዓመት ወደ ካፒታል እንደዞረ ለይታችሁ ጻፉልኝ።

አባል፣ ከሐዋሳ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የእኔ ጥያቄ ደግሞ ለምን ሦስቱም ባንክ ይሆናል የሚል ነው። ሦስት ባንክ ማለት ሦስት ቅርጫት አይደለም። የብድር ገበያው ሲታመም አብረው ነው የሚታመሙት። አንዱን በኢንሹራንስ ኩባንያ ብንተካውስ? ኢትዮ ቴሌኮምም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በቴሌብር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ያኔ ለራሴ ገዝቻለሁ።

ሲቸግረን መሸጥ መቻላችንም ይታሰብ። ድሮ ገዢ የሚገኘው በወሬ ነበር። አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ከተከፈተ በኋላ ግን የተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን ዋጋው በይፋ ይታያል። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ የተመዘገበው ይቅደም እላለሁ።

አባል፣ ከሜሪላንድ
ከዚህ ያየሁትን ልጨምር። ዋልግሪንስ የሚባለው የመድኃኒት ቤት ኩባንያ 47 ዓመት ሙሉ የትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ ሲያሳድግ ኖሯል። ብዙ የአገራችን ልጆች «ይሄማ አይነቃነቅም» ብለው ይዘውት ነበር። በፈረንጆች ጥር 2024 ላይ የሦስት ወሩን ክፍያ ከ48 ሳንቲም ወደ 25 ቆረጠው፤ በዓመቱ ጭራሽ አቆመው። ከዚያ በፊት መቶኛው አምሮ ይታይ የነበረው የአክሲዮኑ ዋጋ እየወረደ ስለነበረ ነው። ትርፉ ደግሞ ክፍያውን አይሸፍንም ነበር። እባካችሁ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ብቻ አትዩ።

በነገራችን ላይ እኛም ውጭ ዜግነት የያዝነው ከአዋጅ 1159/2011 ጀምሮ ባንክ ላይ አክሲዮን መግዛት ስለተፈቀደልን ከእቅዱ አታውጡን።

ገንዘብ ያዥ
እውነት ነው። እኛም ጋ አንድ ልዩ ዓመት አለ። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር የያዘ ባንክ ከምንዛሪ ለውጥ ብቻ ትርፍ ሊያገኝ ይችላል። የዚያ ሒሳብ ዓመት ትርፍ ከወለድ የመጣ ነው ወይስ ከምንዛሪ? ኦዲት የተደረገው ሪፖርት ላይ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ቢያንስ አምስት ዓመት እንይ። የማይመለስ ብድር መጠባበቂያውንም ጎን ለጎን።

ሰብሳቢ
ሁላችሁም ተባረኩ። እኔ የማነሳው በማን ስም ይሁን የሚለውን ነው። በአንድ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው ቢሞት ከወራሽ ጋር መካሰስ ይመጣል፤ በቤተሰቤ ደርሶ አይቻለሁ። ወንድማማቾች እስካሁን ሰላም አይባባሉም። ወይ ማኅበሩ በሕግ ተመዝግቦ በራሱ ስም ይግዛ፣ ወይ ገንዘቡ ተከፋፍሎ ሁሉም በየስሙ ይግዛና በጉባኤ አንድ ሰው በውክልና ድምፅ ይስጥልን። ሕግ የሚያውቅ አባል ይመልከተው። ይህ ሳይለይ አንድ ብር እንዳይወጣ።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ገባኝ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሰርዤዋለሁ። አዲሱ ይሄ ነው፦

«600 ሺህ ብሩ በሁለት ባንክና በአንድ ሌላ ዘርፍ ድርጅት ይከፈል። ድርጅቱ የሚመረጠው የአምስት ዓመት ኦዲት ሪፖርቱ ታይቶ፣ የትርፍ ድርሻው በምንከፍለው ዋጋ ተሰልቶ፣ በጥሬ ገንዘብ የከፈለበትና ወደ ካፒታል ያዞረበት ዓመት ተለይቶ ነው። በገበያው የተመዘገበ ቅድሚያ ያገኛል። 200 ሺህ ብር አሁን ይገዛበት፤ ቀሪው በሁለት ዓመት ውስጥ በየተራ። የባለቤትነቱ ስም በጽሑፍ ሳይወሰን ግዢ አይጀመርም።»

በየተራ የሚለው የኔ ጭማሪ ነው። አንዴ ሁሉን አውጥተን ዋጋው ቢወርድ አባላት ይደነግጣሉ።

አባል፣ ጡረታ የወጣሁት መምህር
አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት ልጄ፦ «የትርፍ ድርሻው ለማንኛውም ወጪ አስቀድሞ አይታሰብም።»

ጸሐፊ
ገብቷል ጋሼ። የሦስት ባንኮችንና የሁለት ኢንሹራንሶችን ሪፖርት እኔ አወርዳለሁ። የሐዋሳው ወንድማችን የቴሌኮሙን ያምጣ። ስሌቱን ገንዘብ ያዣችን እስከ ሐሙስ ማታ ያድርስልን። እሁድ 4 ሰዓት፣ እንደተለመደው ሰብሳቢያችን ቤት።