የአገዳ ቆርቁር ተርብ፦ ሁለት ጂን ሁለት የተለያየ ዛፍ ሰጠኝ፣ ጂኖም ይፈታዋል?

የሰበታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሰበታ ዳር ካለ የበቆሎ ማሳ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል ለቅሜ በጠርሙስ እያሳደግኩ ነው፣ አንዳንዱ ትል ጎኑን በስተው የሚወጡ ትንንሽ እጮች እዛው አጠገቡ ነጭ ጥጥ የመሰለ ኮኩን ይሰሩና ከቀናት በኋላ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ይወጣሉ። ኮቴሲያ የሚባለው የተርብ ወገን መሆናቸው ያስታውቃል፣ ከዛ በላይ ግን አልሄድ አለኝ። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ሴሳሚያኤም ፍላቪፐስም (ሁለት የኮቴሲያ ዝርያዎች) ይመስላሉ፣ በሲኦአይ (ዝርያ ለመለየት የተለመደ ጂን) የሰራሁት የዝምድና ዛፍ ናሙናዎቼን ለሁለት ይከፍላቸዋል፣ አንድ የኑክሌር (የሴሉ አስኳል ውስጥ ያለ) ጂን ሳይ ደሞ ክፍፍሉ ሌላ ቦታ ነው። የቱን ልመን? ሙሉ ጂኖም (ዲኤንኤውን በሙሉ) ማስነበብ ግድ ነው ወይስ ባነሰ ብር የሚሆን መንገድ አለ?

እንጦጦ_ጥግ፦
እህቴ ሁለቱም አልዋሹሽም፣ እያንዳንዱ ጂን የራሱን ታሪክ ነው የሚያወራው። ሲኦአይ ሚቶኮንድሪያ ላይ ስላለ የሚወረሰው ከእናት ነው፣ ሴሳሚያኤ ላይ ደሞ ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለ የታወቀ ነው፣ እሱም ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። ባክቴሪያው ያለበት ወንድ ከሌለባት ሴት ጋር ሲገናኝ የተዳቀለው እንቁላል ይበላሻል፣ ስለዚህ የተያዙት ሴቶች እየበዙ ሲሄዱ ሚቶኮንድሪያቸውም አብሮ ይስፋፋል። ሲኦአይ ላይ ያየሽው ክፍፍል የተርቧ ሳይሆን የባክቴሪያው ጉዞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሌላ ብር ከማውጣትሽ በፊት በፒሲአር (ዲኤንኤ አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ) ወልባኪያውን ፈትሺ፣ እባክሽ ይሄን አትዝለይ።

ሆለታ_መንገድ፦
ሙሉ ጂኖም ግድ አይደለም። ዩሲኢ የሚሉትን እይው፣ በተርብ፣ በንብና በጉንዳን ጂኖም ውስጥ ብዙም ሳይለወጡ የቆዩ ቦታዎችን በፕሮብ (ቦታውን ፈልጎ በሚይዝ አጭር ቁራጭ) ይዞ ከነግራ ቀኙ ማንበብ ነው፣ ለዝምድና የሚጠቅመው ልዩነት ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው ፕሮብ 1,510 ቦታ ነበረው፣ በ2017 ወደ 2,590 አደገ፣ ሙዚየም ውስጥ በመርፌ ተሰክቶ የደረቀ አሮጌ ናሙና ላይ ሳይቀር ይሰራል። በዛው 2017 ደሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከ173 ዝርያ 3,256 ጂን አንብበው ፓራሲቶይድ ሆኖ መኖር (እንደ ተርቦችሽ ሌላ ነፍሳት ላይ አድጎ መግደል) በተርብ፣ በንብና በጉንዳን ወገን የተጀመረው አንዴ እንደሆነ፣ ንብና ጉንዳንም ከነዚያ ጥንታዊ ፓራሲቶይዶች እንደወረዱ አሳይተዋል፣ እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ነገር ነው።

ግን ጂን መብዛቱ ብቻውን አያድንሽም። ዝርያዎች ባጭር ጊዜ ተከታትለው ከተለያዩ በሺህ የሚቆጠር ጂንም እርስ በርሱ ይጣላል፣ ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቀሽ ዛፍ ስትሰሪ ቅርንጫፉ ላይ 100 የሚል ድጋፍ (የእርግጠኝነት ቁጥር) ይወጣልሽና ዛፉ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የየጂኑን ዛፍ ለየብቻ ሰርተሽ አነጻጽሪ። ደሞ ከአንድ ትል የወጡት ተርቦች አብዛኛውን ጊዜ ወንድማማችና እህትማማች ናቸው፣ ከአንድ ትል አንድ ብቻ ውሰጂ። ወንዶቹ ካልተዳቀለ እንቁላል ስለሚፈለፈሉ ከእያንዳንዱ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያላቸው፣ ጂኖም ለመገጣጠም እነሱ ይቀላሉ።

ቡራዩ_ሰብል፦
እኔ ሰብል ጥበቃ ላይ ነኝ፣ ይሄ የስም ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደጋ ላይ በቆሎውን የሚበላው ቆርቁር ባብዛኛው ቡሴኦላ ፉስካ ነው። ኬንያ ውስጥ ኪታሌ አካባቢ ያለችው ሴሳሚያኤ በሱ ውስጥ ታድጋለች፣ ከሞምባሳ ዳርቻ የመጣችው ግን እንቁላሏን ብትጥልበትም የትሉ የደም ሴሎች ከበው ይገድሉታል፣ በ1993 ኬንያ የተለቀቀችው የእስያዋ ፍላቪፐስም እንደዛው። ተርቧ ከእንቁላሉ ጋር የትሉን መከላከያ የሚያዳክም ቫይረስ ትወጋለች፣ የቫይረሱ ጂኖች የተቀመጡት ደሞ በራሷ ጂኖም ውስጥ ነው፣ ሲአርቪዋን የሚባለው በሁለቱ የሴሳሚያኤ ዓይነቶች መሀል ልዩነት የታየበት ጂን ነው። ሴሳሚያኤ እየተባለች ስትቆጠር የነበረች አንዷ በ2017 ኮቴሲያ ቲፋኤ ተብላ ራሷን ችላ ወጥታለች። የማትሆነውን አርብተን ማሳ ላይ ብንለቅ ገበሬው ምን ይጠቀማል? ስለዚህ የትኛው ተርብ ከየትኛው ትል፣ ትሉም ከየትኛው ተክል እንደወጣ ካልጻፍሽ ያ ሁሉ ጂኖም ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

የሰበታዋ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ትሎቹን በየጠርሙሱ ለየብቻ ነው የያዝኳቸው፣ የተበሉበትንም ተክል ጽፌያለሁ። ወልባኪያውን አስቀድማለሁ፣ ከዛ ዩሲኢ። አንድ ነገር ብቻ፣ ዲኤንኤ ሳወጣ ተርቧን መፍጨት አለብኝ?

ሆለታ_መንገድ፦
የለብሽም፣ ሳትፈጪ ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም) ያለበት ፈሳሽ ውስጥ አሳድሪያትና አካሏን አጥበሽ አስቀምጪው፣ ስሟ ላይ ክርክር ከተነሳ ተመልሶ የሚታይ አካል ያስፈልጋል። እስከዛው 96 ፐርሰንት ኤታኖል ውስጥ ፍሪዘር ይቆዩ፣ ቀለም የገባበትን የሱቅ አልኮል እንዳትጠቀሚ።