የእማዬ ዓይን ሁለት ቦታ ተለክቶ ሁለት የተለያየ ቁጥር መጣ፤ የቱን ልመን?

የእማዬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም አለባት። የቀኝ ዓይኗ ሞራ ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታያል። በዚያ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። የግራው ገና ጅምር ነው። «ሞራው ይብሰል» ተብለን ሁለት ዓመት ጠበቅን።

አሁን የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ከዚያ በፊት የሚገባላት ሌንስ ልክ እንዲታወቅ ዓይኗ በአልትራሳውንድ ይለካ አሉን። አልትራሳውንድ ሲባል እማዬ «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ልወልድ ነው?» ብላ አሳቀችን። ደብረ ብርሃን ስትለካ የቀኝ ዓይኗ ርዝመት 22.3 ሚሊሜትር ሆነ። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያም ለኳት፤ 23.0 መጣ። የሌንሱ ቁጥር የመጀመሪያው ወረቀት ላይ 23.5 ነው፣ ሁለተኛው ላይ 21.5። አንድ ሚሊ እንኳን ለማይሞላ ልዩነት መጨነቄ አጉል ነው ወይስ ልክ ነኝ?

ኦፕቶሜትሪስቷ
ልክ ነህ ወንድሜ። እኔ ይህን ልኬት የምሠራው በየቀኑ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ 23.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህች ትንሽ ኳስ ውስጥ የ1 ሚሊሜትር ስህተት ከቀዶ ጥገና በኋላ ከ2.5 እስከ 3 ቁጥር መነጽር ማለት ነው። የእናንተ 0.7 ወደ ሁለት ቁጥር ይጠጋል። ቀላል አይደለም።

ልኬቱ ኤ-ስካን ይባላል። ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ የዓይኑን ፊት ትነካለች። ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ከኮርኒያው (ከዓይኑ ፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን)፣ ከዓይኑ ከራሱ ሌንስ ፊትና ጀርባ፣ ከዚያም ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይኑ የኋላ ሽፋን) እየነጠረ ይመለሳል። ማሽኑ የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርዝመት ይቀይረዋል። በዚህ ርዝመትና በኮርኒያው ጉብጠት ላይ ተመሥርቶ የሚገባው ሌንስ ቁጥር ይሰላል።

ችግሩ እጅ ላይ ነው። ኮርኒያ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ከተጫኑት ይገባል። ያኔ ዓይኑ ከእውነቱ ያጠረ መስሎ ይለካል። ማሽኑም ለአጭር ዓይን የሚሆን ጠንካራ ሌንስ ይመርጣል፤ ሰውየው ቅርብ እያየ ሩቅ የማያይ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ሲለያይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አጭሩን ነው። ረጅሙም ግን ዝም ብሎ አይታመንም። ጠብታው በዝቶ በመሣሪያዋና በዓይኑ መካከል ውሃ ከቆመ ልኬቱ ይረዝማል።

ወረቀቶቹን አውጣና ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ የግራ ዓይኗ ስንት ነው? የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች አብዛኛውን ጊዜ ይቀራረባሉ፤ ልዩነቱ ከ0.3 ሚሊሜትር ካለፈ እኛ ደግመን እንለካለን። ሁለተኛ፣ ግራፉ ላይ የሬቲናው መስመር ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ የቆመ ነው ወይስ እንደ ዳገት ቀስ እያለ የወጣ? ዳገት ከሆነ መሣሪያዋ አቅጣጫ ስታለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ ሜሪላንድ አማቴ ሲለኩ ምንም አልነካቸውም። አገጫቸውን አስደግፈው ብርሃን ተመለከቱ፣ በቃ። አዲስ አበባም ያ ማሽን ያለበት ቦታ ይኖራል። ገንዘቡ ካለ ለምን በዚያ አትለካም?

ኦፕቶሜትሪስቷ
በብርሃን የሚለካው ይበልጣል፣ አልከራከርም። ግን ብርሃን በነጭ ሞራ ውስጥ አያልፍም፤ ድምፅ ያልፋል። «ይብሰል» እየተባለ የሚጠበቀው ነገር አንዱ ጉዳቱ ይህ ነው፣ የተሻለው መለኪያ ያመልጣል። ስለዚህ የቀኙ በአልትራሳውንድ መለካቱ ተገቢ ነው። ኢመርሽን የሚባል መንገድ ካላቸው ጠይቅ። ዓይኑ ላይ ትንሽ ኩባያ ተቀምጦ ፈሳሽ ይሞላል፤ ድምፁ በፈሳሹ በኩል ስለሚሄድ ኮርኒያውን የሚጫን ነገር የለም። ያ ከሌለም አንድ ሰው ተረጋግቶ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይለካትና አማካዩ ይወሰድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኮርኒያው ጉብጠት የሚለካው መሣሪያዋ ዓይኑን ከመንካቷ በፊት ነው። ጠብታና ንክኪ ከቀደመ ያም ይዛባል።

ዓባይ ማዶ
የኛን ልንገርህ። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ተሠራ፤ ቦታውን አልጠራም። ፋሻው ሲነሳ የእጁን መስመር ቆጠረልን፣ እልል አልን። ቤት ስንደርስ በር ላይ የቆመውን ጎረቤቱን «ማነው?» አለ። በኋላ መነጽር ቤት ወስደነው ማይነስ 2.75 ሆነ። ዛሬ በመነጽር ደህና ያያል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የለካችው ልጅ አንዴ ነክታ ወረቀት እንደሰጠችን ትዝ ይለኛል። ያኔ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን እንኳ አላወቅንም።

የእማዬ ልጅ
ወረቀቱን አየሁ። የግራ ዓይኗ ሁለቱም ቦታ 23.1 ነው። የመጀመሪያው ግራፍ ላይ የመጨረሻው መስመር ጋደል ያለ ይመስለኛል። ደግሞ አንድ ነገር፦ እማዬ «ዳዊቴን ያለ መነጽር ካነበብኩ ሌላው ትርፍ ነው» ትላለች። ይህ ይቻላል?

ኦፕቶሜትሪስቷ
የግራው 23.1 ከሆነ 22.3 አጠራጣሪ ነው። ሁለቱንም ወረቀት ይዘህ ሐኪሙ ፊት አስቀምጥና ድጋሚ ይለካልን በል። አያሳፍሩህም።

የዳዊቱ ነገር ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን አይጠይቅም። የተለመደው ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው የሚያጠራው። ሩቁ ከተመረጠ ለንባብ መነጽር ታደርጋለች። ቅርቡ ከተመረጠ ቁጥሩ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረግና ለመንገድ መነጽር ትፈልጋለች። እንዲያውም የመጀመሪያው ወረቀት 23.5 ወደዚያው የሚወስዳት ነበር፤ ግን በስህተት ከሚሆን ተመክሮበት ይሁን። ሐኪሙ የግራ ዓይኗንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ስኳር አለባት ስላልክ ደግሞ ቢ-ስካን ተሠርቶላት እንደሆነ ጠይቅ። ያኛው ርዝመት አይለካም፤ የዓይኑን ውስጥ በምስል ያሳያል። ሞራው ሬቲናዋን ሸፍኖታል። ሬቲናው ተላቆ ወይም ውስጡ ደም ፈስሶ ከሆነ ሌንሱ ብቻውን አያበራላትም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

የእማዬ ልጅ
ዛሬ ሄድን። ቢ-ስካኑ ደህና ነው፣ ሬቲናዋ ቦታው ላይ ነው። ኢመርሽን የላቸውም፤ አንዲት ሲስተር ግን ቁጭ ብላ አሥር ጊዜ ለካቻት። አማካዩ 23.0 ሆነ። ሐኪሙ እማዬን ራሷን ጠየቃት። እሷም «ቤተ ክርስቲያን በግራዬም እሄዳለሁ፣ ዳዊቴን ስጡኝ» አለችው። ሳቀና ቁጥሩን ለቅርብ አስተካከለው። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው።

ኦፕቶሜትሪስቷ
እንኳን ደስ አላችሁ። ማክሰኞ ስትወጡ ከሌንሱ ካርቶን ላይ የሚላጠውን ስቲከር ካርዷ ላይ ለጥፉልን በል። ሞዴሉና ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። የግራው ተራ ሲደርስ የቀኙ ቁጥር ምን እንደነበረና ምን እንዳሳያት ማወቅ ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።

ዓባይ ማዶ
የቡናውንም ጭስ ለትንሽ ቀን ከእናታችን አርቁላቸው።