ፈተና ካለቀ በኋላ እስከ ሰኔ 30፦ ልጆች ትምህርት ቤት ይዋሉ ወይስ ቤት?

አወያይ
የዛሬው መከራከሪያ ሰኔ በገባ ቁጥር የሚነሳው ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና በሰኔ አጋማሽ ይጨርሳሉ፤ ካርድ የሚሰጠው ግን ሰኔ 30 ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች «ተማሪ አይመጣም» ብለው ያልፉታል። ወላጆች ደግሞ ግማሽ ቀንም ቢሆን ይምጡ ይላሉ። የአዲስ አበባን ሁኔታ ይዘን እንከራከር። የትምህርት ቤት ስም መጥራት የለም፤ ስድብም የለም።

እናት ከጀሞ
ይምጡ ባይ ነኝ። ፈተናው ሰኔ 13 ቢያልቅና ቀኑ ዓርብ ቢውል፣ ከሰኔ 16 እስከ 30 ድረስ 11 የሥራ ቀን አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ ይሄዳል። ሰኔ ላይ 11ዱን የበላ ሠራተኛ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚቀረው 5 ቀን ነው። ባልና ሚስት ተራ ቢገቡም ክረምቱን አይሸፍኑትም። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የሰኔ ክፍያ ሙሉ ነው፤ ግማሹን ወር አላስተማርንም ብሎ የመለሰ የለም።

የ5ኛ ክፍል መምህር
ሒሳብዎ ልክ ነው። የእኛም ይታይልን። አንድ የሒሳብ መምህር አራት ክፍል ቢይዝና በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖር 200 ወረቀት ያርማል። ምርጫ ብቻ ከሆነ መልሱ የተበሳበትን ወረቀት ደርቦ በፍጥነት መጨረስ ይቻላል። አሠራሩን የሚያሳዩበት ጥያቄ ካለ ግን ለአንድ ወረቀት 5 ደቂቃ ቢያዝ 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 17 ሰዓት ይሆናል። ያ እርማት ብቻ ነው። ቀጥሎ ማርክ ሊስት አለ፦ የክፍል ፈተናው፣ የቤት ሥራው፣ ደብተሩ፣ ማጠቃለያው ተደምሮ ከመቶ ይሞላል።

የክፍል ኃላፊ የሆነው መምህር ደግሞ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ልጆች የሁሉም ትምህርት ውጤት የሚጠቃለልበት ሰንጠረዥ ይጠብቀዋል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፦ ስምንት ትምህርት በ50 ተማሪ 400 ውጤት። የመጀመሪያው መንፈቅ 400፣ የሁለቱ አማካይ ሌላ 400። 1,200 ቁጥር ከሞላ በኋላ ነው ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ የሚወጣው። በኮምፒውተር የሚሠራ ትምህርት ቤት አለ፤ ቁጥሩን የሚያስገባው ግን ያው ሰው ነው። ይህን ሁሉ 50 ሕፃን እየጠበቁ ይሠራል የሚል ሰው አንድ ሰኔ መጥቶ ይሞክረው።

አባት ከሳሪስ
እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራም ሳይኖር ልጅ ጠርቶ ሜዳ ላይ መበተን አደጋ ነው። የሚታረም ወረቀት ያለው መምህር ከስታፍ አይወጣም፤ ዘበኛው በር ላይ ነው። ጥርስ የሚሰበረውና እጅ የሚወልቀው ያን ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተነስቶ ሰርቪስ የጠበቀ ልጅ ሁለት ሳምንት ቢተኛ ምን ይጎድልበታል?

እናት ከጀሞ
የሚተኛው ከማን ጋር ነው? ችግሩ እሱ ነው። አያት ያለው ቤት ይችለዋል። የሌለው ቤት የ8 ዓመት ልጅ የ5 ዓመት ታናሹን ይዞ ቁልፍ ተቆልፎበት ይውላል።

ሬከርድ ክፍል
ሁለታችሁም ሙሉውን ወይም ምንም ትላላችሁ። እኔ የምለው ልጆቹ መምጣት ያለባቸው ሁለት ቀን ነው፤ ወረቀታቸውን ሊያዩ። ምክንያቱን በዝርዝር ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ሰኔ 30 ካርድ ይዞ እያለቀሰ የሚመለስ ልጅ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ካቋረጠ ተማሪ ነው። ዓመቱ መሀል የወጣ ልጅ ስሙ ይሰረዛል፣ ተራ ቁጥሩ ግን ዝርዝሩ ላይ ይቀራል። አንዱ መምህር መስመሩን ባዶ ትቶ ይዘልለዋል፤ ሌላው ዝርዝሩን እንደገና ጽፎ ቁጥሩን ያጥፈዋል። ሮስተር ሞዪው በቁጥር ብቻ እያየ ከገለበጠ፣ ካቋረጠው ልጅ በታች ያለ ሁሉ የጎረቤቱን ውጤት ይወስዳል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ስምንቱም ማርክ ሊስት ላይ የመጨረሻው ልጅ ተራ ቁጥርና ስም አንድ መሆኑን ሳያዩ አለመጀመር።

ሁለተኛው ቁጥር መገልበጥ ነው፤ 68 የነበረው 86 ይሆናል። ይህ በድምር ይያዛል። ሮስተሩ ላይ የእያንዳንዱን ትምህርት የ50 ልጅ ውጤት ወደ ታች ደምሩ፣ የመምህሩንም ማርክ ሊስት እንዲሁ ደምሩና ሁለቱ ድምሮች እኩል ካልሆኑ ስህተት አለ። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የተገለበጠ አሃዝ ፈልጉ፤ 86 ሲቀነስ 68፣ 18 ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሁለት ልጆች 3ኛ ከወጡ ቀጣዩ 5ኛ ነው እንጂ 4ኛ አይደለም። የአንድ ልጅ አንድ ውጤት ሲታረም የአሥር ልጅ ደረጃ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ቅሬታ ሳይሰማ ደረጃ በእስክሪብቶ አይጻፍም። ቅሬታ የሚሰማው ግን ልጁ ወረቀቱን ካየ ነው። ልጆች ፈተና እንደጨረሱ ቤት ከቀሩ የሚያዩት ካርዱን ነው፤ ያን ጊዜ ሮስተሩ ተፈርሞ ተዘግቷል፣ መምህሩም ሻንጣውን ሸክፏል።

የ5ኛ ክፍል መምህር
የመጨረሻውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ወረቀት ሲመለስ የሚመጣውን የግማሽ ማርክ ልመና ማን ይችላል? «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ራይት ነበር»፤ ማታ ደግሞ እናቱ ትደውላለች። ከተመለሰ በሕግ ይሁን፦ ልጁ ክፍል ውስጥ ያየዋል፣ የመደመር ስህተት ካለ እዚያው ይጠቁማል፣ ወረቀቱ ከክፍል አይወጣም። የመልስ ክርክር በማግስቱ በክፍል ኃላፊው በኩል ብቻ።

ምክትል ር/መምህር
ጉዳዩ ከፈተናው ቅደም ተከተል ይጀምራል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ፕሮግራሙን የሚያወጣው ለተማሪው ጥናት እንዲመች ብቻ ነው። ሒሳብ ዓርብ ከተፈተነ እርማቱ ሰኞ ይጀመራል። በመጀመሪያው ቀን ሒሳብና አማርኛ፣ በሁለተኛው እንግሊዝኛና አካባቢ ሳይንስ፣ በሦስተኛው አፋን ኦሮሞና ግብረገብ ይሁን። ሰውነት ማጎልመሻና ጥበባት አብዛኛው በተግባር የሚመዘን ስለሆነ ከፈተናው ሳምንት በፊት ይለቅ። እንዲህ ከሆነ ዓርብ ማታ የሒሳቡ መምህር ግማሹን አርሟል፤ የስፖርቱና የጥበቡ መምህራን ደግሞ ሰኞ እጃቸው ባዶ ነው።

ከዚያ ሰኔ 16 ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:00 ልጆቹ ይመጣሉ። 50 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያትና ለቁርስና ለዕረፍት አንድ ሰዓት። አንዱ ሜዳ፣ አንዱ ንባብ ወይም ሥዕል፣ አንዱ ወረቀት ማየት። በሰኔ ዝናቡ የሚከብደው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ሜዳ ይቻላል፤ ዝናብ ቢመጣ አዳራሽ ወይም ክፍል መመደብ ግን ቀድሞ ነው። መምህሩ ከ7:30 እስከ 11:00 ቢያርም በቀን 3 ሰዓት ተኩል፣ በአምስት ቀን 17 ሰዓት ተኩል ነው። ከላይ የተባለው 17 ሰዓት እዚያ ውስጥ ገባ።

የ5ኛ ክፍል መምህር
በወረቀት ላይ ገባ። ሮስተሩስ? ጠዋት ሕፃን ሲጠብቅ የዋለ ሰው ከሰዓት 1,200 ቁጥር ሲሞላ ነው ሬከርድ ክፍል የነገሩን ስህተት የሚፈጠረው። ተራ ይውጣ፤ አንድ መምህር በሳምንት ከሁለት ጠዋት በላይ አይመደብ። የክፍል ኃላፊዎች ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ጨርሶ ነፃ ይሁኑ። እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ፣ ለአንድ ሳምንት። ለሁለት ሳምንት አልስማማም።

የምገባ አስተባባሪ
የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ እስካሁን አልተናገረም። እዚያ ፈተና ሲያልቅ የሚቆመው ትምህርት ብቻ ሳይሆን ቁርስና ምሳም ነው። ለአንዳንድ ልጅ የቀኑ ዋና ምግብ እሱ ነው። ግማሽ ቀን ከተባለ ምሳው 5:30 ላይ ይቅረብና በልተው ይውጡ፤ «6:00 ይለቀቃሉ ስለዚህ ቁርስ ብቻ» የሚለው ውሳኔ አይዋጥልኝም።

በአሠራር የሚያስቸግረው የሚመጣው ልጅ ቁጥር ነው። ከፈተና በኋላ መምጣት ግዴታ ካልሆነ አንድ ቀን 600፣ በማግስቱ 200 ይመጣል። መጋቢ እናቶች ሊጥ የሚያቦኩትና እንጀራ የሚጋግሩት ከዋዜማው ነው፤ የተረፈው ይበላሻል፣ ከጎደለ ደግሞ የመጨረሻው ሰልፍ ባዶ ሳህን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ወላጅ ዓርብ ዕለት የሚቀጥለውን ሳምንት «ይመጣል/አይመጣም» ብሎ ይፈርም። የሰኔ አቅርቦት ሲጠየቅም እነዚህ ቀኖች በቅድሚያ ተቆጥረው ይግቡ።

የሰርቪስ አስተባባሪ
አጭር ነገር። 6:00 ላይ መልሱ ማለት ለብዙ ሚኒባስ ችግር ነው፣ ምክንያቱም በመሀል ሌላ ሥራ ይዟል፤ አንዳንዱም ሁለት ዙር ነው የሚጭነው፣ ሁለተኛው ዙር ልጅ 7:00 ድረስ በር ላይ ይቆማል። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይነገረን፤ ሁለተኛው ዙር እስኪወጣም የሚጠብቅ መምህር ይመደብ። ክፍያውን በተመለከተ ውሉ በወር ከሆነ የሰኔ ሙሉ ነው። መነጋገር የሚፈልግ መስከረም ላይ ይነጋገር።

እናት ከጀሞ
አንድ ያልተነሳ አለ። ፈተናው ሰኔ 13 አልቆ «መምህራን ደክመዋል» የሚለው ትምህርት ቤት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በክፍያ የክረምት ትምህርት ይከፍታል። ያኔ መምህር አለ፣ ክፍል አለ፣ ዘበኛም አለ። ይህን የሚያስረዳኝ ካለ።

ምክትል ር/መምህር
ለክረምቱ መምህሩ ለብቻው ይከፈለዋል፣ ሮስተርም የለበትም። ጥርጣሬዎ ግን መሠረት የለውም አልልም። ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ የሚጠየቅ ነው፣ እዚህ አይደለም።

አባት ከሳሪስ
ማስታወቂያውንስ? «ከሰኔ 16 ጀምሮ መደበኛ ትምህርት የማይኖር መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል ወረቀቱ። ልጁ ይምጣ ወይስ አይምጣ? ግማሹ ይልካል፣ ግማሹ አይልክም። መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ምሳ መኖር አለመኖሩ፣ ሰርቪስ፣ ቦርሳ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ልጁን ማን እንደሚረከብ፤ እነዚህ አምስቱ ከሌሉ ማስታወቂያ አይባልም። «12:30» ተብሎ በቴሌግራም ሲለቀቅም የማን ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚሞላ ወላጅ አለና ሰኔ 30 ጁላይ 7 መሆኑም አብሮ ቢሰፍር ምንም አይከብድም።

ሬከርድ ክፍል
ስለ ሰኔ 30 ከተነሳ፦ ካርድ ለልጅ በእጁ አይሰጥ። «ሰኔ 30 እንገናኝ» ተባብለው ዓመቱን ያጠራቀሙትን ቂም የሚወጡበት ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከ1ኛ እስከ 3ኛ 2:30፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ 4:30 ተብሎ ወላጅ ይረከብ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከበር አይወጣም። የ6ኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ ካርዱን ከከተማ አቀፉ ፈተና ውጤት ጋር አታምታቱ፤ ያ በትምህርት ቢሮ በኩል የሚመጣ ነው፣ ወደ 7ኛ ለመዝለቅም የሚፈለገው እሱ ነው።

አወያይ
እስካሁን የሚቀራረበው አንድ ሳምንት ግማሽ ቀን፣ በተራ ምድብ፣ ወረቀት ከማየት ጋር ይመስላል። አባት ከሳሪስ፣ ይቀበሉታል?

አባት ከሳሪስ
ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጽፎ ከወጣና መምጣት በፈቃደኝነት ከሆነ እንጂ በግዴታ አይሆንም። የእኔ ልጅ ይተኛል።

የምገባ አስተባባሪ
በፈቃደኝነት ከሆነ የዓርቡ ፊርማ የግድ ነው። ያለፊርማ አንጋግርም።

እናት ከጀሞ
ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅስ? መሸኛ ሰኔ 30 ሲጠየቅ ሐምሌ ነው የሚሰጠው፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ያኔ ቦታ ሞላ ይላል።

ሬከርድ ክፍል
መሸኛ ሮስተር ካልተዘጋ አይጻፍም። ክሊራንሱን ግን አሁኑኑ መጨረስ ይቻላል፦ መጻሕፍት መመለስ (የተቀደደ ካለ ቀድሞ መነጋገር)፣ የቤተ መጻሕፍት ዕዳ፣ የግል ከሆነ ክፍያ። ጥያቄውን በጽሑፍ እስከ ሰኔ 20 ያስገባ ወላጅ ሰኔ 30 ከካርዱ ጋር አብሮ ሊወስደው ይችላል። ሁለት ጉርድ ፎቶም ይዛችሁ ኑ፤ በዚያ ቀን ሰፈሩ ውስጥ ያለው ፎቶ ቤት ሰልፉ አይቻልም።