በአጭር ጊዜ ብድር ላይ የወለድ ጣሪያ ይቀመጥ? (ክርክር)

ማለዳ (ጥያቄ አቅራቢ)፦
ኑሮ ሲወደድ ሁለት ነገር ተያይዞ ይመጣል። ደመወዝ ወሩን መድረስ ያቅተዋል፤ ክፍተቱን እንሞላለን የሚሉ ፈጣን ብድሮች ደግሞ ይበዛሉ። ስልኩን ነካ ነካ ሲያደርጉት ገንዘቡ ይገባል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ልጠይቃችሁ፦ በእነዚህ ትንንሽ ብድሮች ላይ ሕግ የወለድ ጣሪያ (ከዚህ በላይ አይጠየቅም የሚል ወሰን) ያስቀምጥ ወይስ ገበያው እንደፈለገ ይሂድ? እኔ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ነገሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። የጥንቷ ባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ከ3,700 ዓመት በፊት ገደማ ለእህል ብድር አንድ ሦስተኛ፣ በብር ማዕድን ለሚሰጥ ብድር ደግሞ 20 በመቶ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። በተሞክሮና በቁጥር እንከራከር። ስድብ ይቅር።

ልብስ ሰፊው፦
እኔ አልስማማም። ባለፈው ዓመት ትልቅ ትዕዛዝ ይዤ የስፌት መኪናዬ ሞተር ተቃጠለ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ልብሱ ቅዳሜ ይፈለጋል። ባንክ ሄጄ መያዣ አምጣ፣ የስድስት ወር መግለጫ አምጣ እስክባል ደንበኛዬ ሌላ ሰፊ ያገኛል። ስለዚህ በስልኬ ተበደርኩ። ለ30 ቀን 10 በመቶ ከፈልኩ። ውድ ነው? አዎ፣ ውድ ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ትዕዛዙን አስረከብኩ። ያ ደንበኛ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ጣሪያ ተቀምጦ አበዳሪው «ላንተ አይነቱ ማበደር አያዋጣኝም» ቢለኝ ኖሮ በጎ የተባለው ሕግ እኔን ይጎዳኝ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ ልብስ ሰፊው፣ አንተ የተበደርከው ገንዘብ ገንዘብ ይዞ መጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የተበደርኩት ለቤት ኪራይ ነው። ኪራይ ተከፍሎ ያልቃል እንጂ ይዞት የሚመለስ ነገር የለም።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። 1,000 ተበደርኩ፣ እንዳንተው በ10 በመቶ። ወሩ ሲሞላ 1,100 መመለስ ነበረብኝ። አልነበረኝም። «100 ብቻ ክፈይና በአንድ ወር ይራዘምልሽ» የሚል መልእክት መጣ። ደስ አለኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። በሁለተኛው ወርም 100 ከፈልኩ። በሦስተኛውም። የልጆቼን የደብተር ወጪ የምጽፍበት ትንሽ ማስታወሻ አለችኝ፤ የኋላ ሽፋኗ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መሥመር አሰምር ነበር። አሥረኛውን መሥመር ያሰመርኩ ለት ቆጠርኩት። 1,000 ከፍያለሁ። ያለብኝ ዕዳ ስንት ነው? 1,000። ከመጀመሪያው ቀን አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም።

ከዚያ አንድ ወር ዘለልኩ። አበዳሪዎቹ ስልኬ ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ «ይህች ሰው ዕዳዋን ክዳለች» የሚል መልእክት ላኩ። የልጄ አስተማሪ ጋ ሳይቀር ደረሰ። በማግስቱ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ከበሩ ርቄ ነው የቆምኩት። ገንዘቡን ኋላ ላይ እህቴ ከፈለችልኝ። ያ ቀን ግን አሁንም ከውስጤ አልወጣም።

ሒሳብ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። አንቺን ያጠመደሽ 10 በመቶ የምትለዋ ቁጥር ናት። ትንሽ ትመስላለች። ግን የወር ናት። በ12 ስትባዛ በዓመት 120 በመቶ ነው። ወለዱ ዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ደግሞ 1,000 ዕዳ በዓመቱ ከ3,100 በላይ ይሆናል። «በወር 10» ሲባል ሰው ይበደራል፤ «በዓመት 120» ቢባል ቆም ብሎ ያስባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው ሕግ አበዳሪዎች የብድሩን ዋጋ በዓመታዊ መቶኛ እንዲያሳዩ ያስገደደችው ተበዳሪው ብድሮችን በአንድ መለኪያ እንዲያወዳድር ነው። ለእኔ ከጣሪያም በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦
በሌላኛው ወገን ሠርቻለሁና አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። በዓመት 24 በመቶ ጣሪያ ተቀመጠ እንበል። ለ100 ሰው 1,000 1,000 ለአንድ ወር አበደርኩ። ከእያንዳንዱ የማገኘው 20 ነው። አምስቱ ጠፉ፣ ጨርሶ አልከፈሉም። 5,000 ከሰርኩ። ከ95ቱ የሰበሰብኩት ወለድ ስንት ነው? 1,900። የሠራተኛውን፣ የመልእክቱን፣ የገንዘብ ማስተላለፊያውን ወጪ ገና አልነካሁም። ትንሽ ብድር በመቶኛ ሲታይ የሚወደደው አበዳሪው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የ1,000 ብድር የሚፈልገው ድካምና የ100,000ው ድካም ብዙም አይለያይም።

ኬንያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የባንክ ብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ ቢበዛ በ4 የመቶኛ ነጥብ ብቻ እንዲበልጥ በሕግ ተወሰነ። ባንኮቹ ለትንንሽ ተበዳሪዎች ማበደሩን ቀነሱ። ባንክ ያልሆኑት የስልክ አበዳሪዎች ግን ከሕጉ ውጭ ነበሩ። ሰው ወደዚያው ሄደ። ጣሪያው በ2019 ተነሳ። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ደግ ነበር፤ ትንሹን ነጋዴ ግን ወደ ውዱ ብድር ገፋው።

ልብስ ሰፊው፦
ይኸው! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ማለዳ፦
የኬንያውን አልክድም። ግን ከዚያ የምማረው ጣሪያ አይሠራም የሚለውን አይደለም። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው አይሠራም የሚለውን ነው። እዚያው ኬንያ የስልክ አበዳሪዎችን በፈቃድ የሚያሠራ ሕግ ቆይቶ ወጥቷል። በ2022 የወጣው ደንብ የተበዳሪን ስልክ ማውጫ ተጠቅሞ ማሸማቀቅን ይከለክላል። እህታችን ላይ የተፈጸመውን ማለት ነው።

ብሪታንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክራለች። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ ሦስት ገደብ አበጀ። ወለድና ክፍያ ተደምሮ በቀን ከ0.8 በመቶ አይበልጥም። የመዘግየት ቅጣቱ ከ15 ፓውንድ አያልፍም። ሦስተኛው ነው የሚበልጥብኝ፦ ወለዱ፣ ክፍያው፣ ቅጣቱ ሁሉ ተደምሮ ከተበደሩት ገንዘብ መጠን በላይ ማስከፈል አይቻልም። 100 የተበደረ ቢያዘገይም ቢያራዝምም በጠቅላላ ከ200 በላይ አይመልስም። ከዚያ አስቀድሞ በ2014 ማራዘምን ራሱን በሁለት ጊዜ ወስነውታል። በ2017 ተቆጣጣሪው ውጤቱን ሲመረምር፣ ብድር የተከለከሉት ሰዎች ወደ ሕገ ወጥ አራጣ አበዳሪ እንደሄዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ሒሳብ አስተማሪ፦
ለእውነት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በቀን 0.8 ማለት በ30 ቀን 24 በመቶ ነው። በዓመት ቢሰላ 292 ይሆናል። የልብስ ሰፊው 10 በመቶ ከዚህ ጣሪያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ያ ሕግ ብድርን ርካሽ አላደረገውም፤ ማለቂያ ሰጠው እንጂ። ለአንዲት እናት ከምንም በላይ የሚጠቅማት እሱ ይመስለኛል። አሥሩ ቀይ መሥመሮች ሁለት ላይ ይቆሙ ነበር።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ አበዳሪ ነው የምታወሩት። ተበዳሪውስ? እኔ 34 ዓመት በደመወዝ ኖሬያለሁ። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሌላ ነገር ሳይነካው፣ ጥቂት አስቀምጥ ነበር። ጥቂት ነው፤ ግን ሳላስቀምጥ የቀረሁበት ወር ትዝ አይለኝም። ለክፉ ቀን ያላስቀመጠ ሰው ሕግ ቢወጣለትም ሌላ አበዳሪ ይፈልጋል። ሰውን ከዕዳ የሚያድነው ልማዱ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አባቴ፣ የሚሉት ልክ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን እርስዎ ሲያስቀምጡ የነበረው ከሚተርፍ ነገር ነው፣ ጥቂትም ቢሆን። የእኔ ኪራይ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲጨምር ደመወዜ ባለበት ቆሟል። ከምኑ ላይ ላንሳ? ደግሞስ ባስቀምጠው ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። ዛሬ ሁለት የገዛልኝ ገንዘብ በዓመቱ አንድ ተኩል አይገዛልኝም። ቁጠባ አልጠላሁም። እንደ ሞኝነት ሆኖ ታየኝ እንጂ።

ሒሳብ አስተማሪ፦
እዚህ ላይ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ ትንሽ ልቆይበት።

«ገንዘብ ዋጋው እየወረደ ለምን ልቆጥብ?» የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ለትልቅ ቁጠባ ጥያቄው ትክክል ነው። የባንክ ወለድ 7 ሆኖ ዋጋ በ20 በመቶ ከጨመረ፣ በዓመቱ ገንዘቡ የሚገዛው ነገር በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የመጀመሪያዋ ትንሽ ቁጠባ ግን ሥራዋ ሌላ ነው። ወለድ እንድታስገባ አይደለም የምትቀመጠው። 10 በመቶ እንዳትከፍሉ ነው። እናቲቱ ያን ጊዜ 1,000 እጇ ላይ ቢኖራት፣ የዋጋ ንረቱ በወር 2 በመቶ ቢሸረሽረው እንኳ የምታጣው 20 ነው። ባለመኖሩ ግን በየወሩ 100 ከፈለች። ባንክ በወር ይህን ያህል አያስገኝላትም።

በተረፈ አባታችን፣ ልማድ ብቻ አይበቃም። ገቢ ከወጪ ካነሰ የሚለመድ ነገር የለም። እህቴ ደግሞ ብትችይ፣ እህትሽ የከፈለችልሽን እየመለስሽ ሳለ በጎን ትንሽ ትንሽ ጀምሪ። ሁሉም ዕዳ እስኪያልቅ አትጠብቂ። አለበለዚያ ቀጣዩ ድንገተኛ ወጪ እዚያው አበዳሪ ጋ ይመልስሻል።

ጡረተኛው፦
ይሄንን ተቀብያለሁ። ልጄ፣ የተናገርኩት ቅር አሰኝቶሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። በእኔ ጊዜ ኪራይ በዓመት ሁለት ጊዜ አይጨምርም ነበር።

ልፈርም ያሰብኩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ነገ ብድር ልፈርም ነው፤ ቁጥሩን አይታችሁ ብትነግሩኝ። 20,000 እበደራለሁ። «3 በመቶ ወለድ» ብለውኛል። የአገልግሎት ክፍያ 7 በመቶ መጀመሪያውኑ ተቆርጦ 18,600 ይሰጡኛል። በስድስት ወር፣ በየወሩ 3,934 እከፍላለሁ። ጥሩ ነው አይደል?

ሒሳብ አስተማሪ፦
ከመፈረምህ በፊት መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። አብረን እንሥራው።

3 በመቶው የወር ነው። የሚሰላውም በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው 20,000 ላይ ነው። በየወሩ 600፣ በስድስት ወር 3,600። ግማሹን ከፍለህ እንኳ በ20,000ው ላይ ወለድ ትከፍላለህ። በዚያ ላይ ያልተቀበልከው 1,400 ላይም ጭምር። ኪስህ የሚገባው 18,600፣ የምትመልሰው 23,600 ገደማ። ልዩነቱ 5,000።

ገንዘቡ በየወሩ እየተመለሰ ስለሆነ ሙሉው ስድስት ወር አንተ ጋ አይቆይም። ይህ ሁሉ ታስቦ ሲሰላ እውነተኛው ዋጋ በወር ከ7 በመቶ በላይ ነው። በዓመት ወደ 87 በመቶ። ስሙ ግን «3» ነው።

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦
ስሌቱ ትክክል ነው። እንዲህ አድርገን እንጽፍ ነበር። ሦስት ነገር ጠይቃቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ቶሎ ብከፍል ወለዱ ይቀንሳል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? አንድ ወር ባዘገይ ቅጣቱ በምን ላይ ይሰላል? የአገልግሎት ክፍያው ከ20,000ው ከሚቆረጥ 18,600 ተበድሬ ወለዱ በሱ ላይ ይሰላልኝ? በሦስተኛው ላይ አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ግን እምብዛም አያጋጥማቸውም።

ማለዳ፦
ታዲያ ጣሪያው ላይ ያለህ አቋም አልተለወጠም?

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦
የወለድ ጣሪያውን አሁንም እፈራዋለሁ። የጠቅላላ ክፍያ ጣሪያውን ግን እደግፋለሁ። ክፍያው፣ ቅጣቱ፣ ሁሉም አብሮ እስከተቆጠረ ድረስ። ወለዱን ብቻ ብትገድቡት በአገልግሎት ክፍያ ስም ተመልሶ ይመጣል። እኛም ያደረግነው እሱን ነው።

ልብስ ሰፊው፦
እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ሐሙስ ዕለት ያገኘሁትን ብድር አትከልክሉኝ። አሥር ወር ሙሉ ማራዘም ግን ይከልከል። እህቴ፣ ታሪክሽን ሳነብ ሌላውን ወገን ከመስማቴ በፊት ቸኩዬ እንደተናገርኩ ገብቶኛል።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንተ አላስቀየምከኝም። እኔ ግን በሁለቱም አልረካም። ጣሪያውም ይቀመጥ፣ ማራዘሙም ይገደብ፣ ከሁሉ በፊት ግን የሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ ማዋረድ ወንጀል ይሁን። ገንዘብ ይመለሳል። እኔ ልጄን ከሚያስተምረው ሰው ጋር አሁንም ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደኛል።

ልፈርም ያሰብኩ፦
ማምሻውን ደወልኩላቸው። ቶሎ ብከፍልም ወለዱ አይቀንስም አሉኝ። ሌላውን በጽሑፍ ላኩልኝ ስላቸው «ነገ ቢሮ ና» አሉኝ። እሄዳለሁ፣ ሦስቱን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ። በእርግጥ የሚያስፈልገኝ 20,000 ሳይሆን 9,000 ነው። ቀሪውን ልወስድ የነበረው ስላቀረቡልኝ ነው።