በሰዓት የሚከራይ ሰርቨር፦ ስሙ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ፍጥነቱ ግን የተለያየ

የጎማ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ዙሪያ፣ በተለይም በጎማና በሊሙ፣ ቡና በአልጋ ላይ በሚሰጣበት በኅዳርና በታኅሣሥ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ ገበሬውን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የአጭር ጊዜ ትንበያ ለማዘጋጀት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር እየሠራሁ ነው። የምንጠቀመው ደብሊውአርኤፍ የተባለውን የአየር ጠባይ ሞዴል ሲሆን፣ ሰፊውን ክልል በ9 ኪሎ ሜትር፣ የጊቤን ተፋሰስ ደግሞ በ3 ኪሎ ሜትር ጥራት ለ48 ሰዓት ወደፊት እናሰላለን። ይህን የሚችል ኮምፒዩተር ስለሌለን በሰዓት የሚከፈልበት የክላውድ ሰርቨር እንከራያለን።

ጥያቄዬ ስለ ፍጥነት መለካት ነው። በመጀመሪያ ባለ16 ቪሲፒዩ (አከራዮች የማስላት ኃይልን የሚቆጥሩበት አሃድ) ሰርቨር ተከራይቼ ሥራው በ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ዓይነት ሰርቨር በዚያው ዋጋ ተከራይቼ ያንኑ የግብዓት ፋይል ብሰጠው 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ፈጀ። ግራ ሲገባኝ ዋጋው እጥፍ የሆነውን ባለ32 ቪሲፒዩ ወሰድሁ፤ እሱም 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀ። በሌላ አነጋገር፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ለአንድ ትንበያ 1.8 እጥፍ ገደማ ከፍዬ ያተረፍሁት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነና ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር በብር ስለከበደ፣ በግምት የማባክነው ሰዓት የለኝም።

የጊዜው ጉዳይም ከገንዘቡ ያልተናነሰ ነው። መነሻ መረጃውን የምንወስደው ጂኤፍኤስ ከተባለው የአሜሪካ የመላው ዓለም ትንበያ፣ በግሪንዊች 18 ሰዓት ከሚነሳው ስሌት ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። የሚያስፈልገን መረጃ እስኪወጣ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይጠጋል፤ መልእክቱ ደግሞ ገበሬው ቡናውን ከመግለጡ በፊት፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። ስሌቱ 3 ሰዓት ከ10 ከፈጀ እንደርሳለን። 4 ሰዓት ከ25 ከፈጀ፣ መረጃ ማውረዱና ካርታ ማውጣቱ ተጨምሮበት፣ አንደርስም። ታዲያ አንድን ሰርቨር ከመምረጤ በፊት በምን ዓይነት ፈተና ልለካው?

ቆጪ

ሰላም። እኔ የምመክረው ሊንፓክን፣ ማለትም ኤችፒኤልን ነው። ቶፕ500 የተባለው የዓለም ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ የሚሰጠው በእሱ ስለሆነ የታመነ መለኪያ ነው። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ አሂደው በሰከንድ የሠሩትን ስሌት በሰዓት ኪራዩ ያካፍሉት።

ሂርማታ

ቆጪ ያለው ከሌላ ሥራ አንጻር ትክክል ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልስማማም። ኤችፒኤል የሚፈታው ጥቅጥቅ ያለ የቀጥተኛ እኩልታዎች ሥርዓት ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ አንዴ ወደ ካሹ (በውስጡ ወዳለው ትንሽና ፈጣን ማከማቻ) ያስገባውን ቁጥር ደጋግሞ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ የማስላት ኃይልን ይሸልማል። የአየር ጠባይ ሞዴል ግን ከሜሞሪ ብዙ ቁጥር አንብቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ስሌት ሠርቶ ይመልሰዋል፤ ጊዜው የሚያልፈው በማስላት ሳይሆን ቁጥሩ ከሜሞሪ እስኪደርስ በመጠበቅ ነው። ይህንን ጠባይ የሚቀርበው ኤችፒሲጂ የተባለው ፈተና ሲሆን፣ በእሱ ታላላቆቹ ማሽኖች እንኳ ከሙሉ አቅማቸው ጥቂት በመቶውን ብቻ ያሳያሉ።

ወንድሜ የጎማ ልጅ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። በአብዛኞቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ሰርቨሮች ላይ አንድ ቪሲፒዩ ማለት ሙሉ ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል) ሳይሆን የአንድ ኮር ግማሽ፣ ማለትም አንድ ትሬድ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ ሥራው ከአንዷ ብቻ ይልቅ ይፈጥናል፣ ሁለት ሙቀጫ የመሆን ያህል ግን አይፈጥንም፤ ትሬድም እንደዚያ ነው። ስለዚህ የእርስዎ 16 ቪሲፒዩ ምናልባት 8 ኮር ነው። ኤልኤስሲፒዩ የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ በአንድ ኮር ስንት ትሬድ እንዳለ ይነግርዎታል። ግራቪቶንን በመሳሰሉት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ አንዱ ቪሲፒዩ አንድ ሙሉ ኮር ስለሆነ፣ የሁለቱን የቪሲፒዩ ቁጥር እንዳለ ማወዳደር ያሳስታል።

ከዚያ ስትሪምን ያሂዱ። ሁለት የቁጥር ድርድሮችን አንብቦ፣ አንዱን በቋሚ ቁጥር አባዝቶ ከሌላው ጋር ደምሮ በሦስተኛው ላይ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የሚለካውም ሜሞሪው በሰከንድ ስንት ባይት እንደሚያቀርብ ነው። እያንዳንዱ ድርድር ከፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ካሽ ቢያንስ በ4 እጥፍ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ሜሞሪውን ሳይሆን ካሹን ለክተው በማይገባው ቁጥር ይደሰታሉ። በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ትሬድ እያሳደጉ ያሂዱትና ቁጥሩ ማደጉን የሚያቆምበትን ቦታ ይፈልጉ። የባለ32ቱ ሰርቨር ምሥጢር እዚያ ያለ ይመስለኛል፤ የቡድኑ ወቃጭ በዝቶ እህሉ የሚቀርበው በአንዲት ጣሳ ከሆነ የወቃጩ ቁጥር አይጠቅምም።

ቦሳ ቂጦ

ሂርማታ በደንብ ስለገለጸው እኔ የምናገረው ስለ 3 ሰዓት ከ10 እና ስለ 4 ሰዓት ከ25 ልዩነት ነው፤ በእኔ አስተያየት የጥያቄው እምብርት እሱ ነው።

አዲስ ፈተና ከማሄድዎ በፊት ያለዎትን ፋይል ይክፈቱ። ደብሊውአርኤፍ በሚጽፈው አርኤስኤል ዶት ኤረር ዶት 0000 በሚባለው መዝገብ ውስጥ ሞዴሉ አንድ የጊዜ እርምጃ በተራመደ ቁጥር «ታይሚንግ ፎር ሜይን» የሚል መስመር ከፈጀው ሰከንድ ጋር ይጻፋል። የሁለቱን ቀኖች መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሚያወዳድሩት ግን የአንዱን ዶሜይን (የስሌት ክልል) መስመር ከራሱ ጋር ይሁን፤ የዶሜይን 1፣ ማለትም የሰፊው ክልል፣ ሰከንድ በውስጡ ያለውን የዶሜይን 2፣ ማለትም የጊቤን ተፋሰስ፣ ጊዜ ስለሚጨምር መደባለቅ የለበትም። በየተወሰነ እርምጃው የጨረር ስሌት ስለሚሠራ አንዳንዱ መስመር ረዝሞ ቢያዩት አይደንግጡ። «ታይሚንግ ፎር ራይቲንግ» የሚሉትን ደግሞ ለብቻ ይደምሯቸው፤ ድምሩ ትልቅ ከሆነ ችግሩ የዲስክ ነው።

ዘገምተኛው ቀን በጥሩ ፍጥነት ጀምሮ መሃል ላይ ከተንቀረፈፈ፣ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው፣ ሰርቨሩ በክሬዲት የሚሠራ፣ ማለትም ሥራ ሲቀልለት ያጠራቀመውን ኃይል ሲጨርስ የሚዘገይ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የአማዞን ቲ3 ቤተሰብ ለምሳሌ እንደዚህ ነው፤ ቲ3 ሚዲየም ያለ ክሬዲት የሚሰጠው የእያንዳንዱን ቪሲፒዩ 20 በመቶ ብቻ ነው። ለሰዓታት ሙሉ ኃይል ለሚጠይቅ ሥራ እንደዚህ ያለውን መከራየት አይገባም። ሁለተኛው፣ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተከራይ ሊሆን ይችላል፤ ቶፕ በሚባለው ትእዛዝ ላይ ስቲል የሚለው ቁጥር ከዜሮ እየራቀ ከሄደ ጊዜዎን ሌላ ሰው እየተጋራው ነው።

ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እኩል ዘገምተኛ ከሆነ ግን ከሥር ያለው ፕሮሰሰር ራሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ተንኮል ሳይሆን በአከራዮች ሰነድ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነው፤ የአማዞን ኤም4 በሃስዌል ወይም በብሮድዌል ፕሮሰሰር ሊመጣ እንደሚችል ተገልጾ ነበር፤ የጉግል ኤን1ም እንደ ቦታው በተለያየ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው በኪራይ ሰርቨር ላይ አንድ ልኬት ልኬት የማይሆነው። ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዘው፣ በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት እንደገና ተከራይተው መለካት ይገባዎታል። አማካዩም ለእርስዎ አይጠቅምም፤ ንጋት 12 ሰዓት የማይንቀሳቀስ ስለሆነ የሚመረጠው ሰርቨር በዘገምተኛው ሌሊቱ የሚደርሰው ነው።

አዌቱ ዳር

ስለ ወጪው ጥቂት ልጨምር። ለመለካት 48 ሰዓት ሙሉ ማስላት አያስፈልግዎትም፤ 3 የትንበያ ሰዓት አስልተው፣ ፋይል የሚነበብባቸውን የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ጥለው የቀሩትን አማካይ በ48ቱ ሰዓት እርምጃዎች ብዛት ማባዛት ይበቃል። አማዞን ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስን በሰከንድ፣ ቢያንስ ግን የ60 ሰከንድ ስለሚያስከፍል አጭር ልኬት ርካሽ ነው። ስፖት የሚባለውን ቅናሽ ኪራይ ለልኬት ይጠቀሙበት፤ ለሌሊቱ ትንበያ ግን አይመኑት፣ የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ሊነጠቅ ይችላል።

ሥራውን ሁልጊዜ በቲሙክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሰርቨሩ ላይ የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ ያስጀምሩ። እኔ ከዓመት በፊት እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፍቶ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስሌቱ አብሮ ሞተብኝ፤ ሰርቨሩ ግን እስከ ጠዋት ባዶውን ሲያስከፍለኝ አደረ። ሰርቨሩ የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት መሆኑንም አይርሱ፤ በማስታወሻዎ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ያሉት በመዝገቡ ላይ 23 ሰዓት ሆኖ፣ ቀኑም የትናንት ሆኖ ነው የሚገኘው።

የጎማ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አድርጌ ያገኘሁትን ላስቀምጥ።

የቆዩትን መዝገቦች ከፈትሁ። በፈጣኑ ቀን የዶሜይን 1 እርምጃ በአማካይ 3.4 ሰከንድ፣ በዘገምተኛው ቀን 4.8 ሰከንድ ሲሆን፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለዋወጡም። ፋይል መጻፉ ተደምሮ በሁለቱም ቀን 9 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ዲስኩ ነፃ ነው። ስለዚህ የቦሳ ቂጦን ምክር ይዤ ያንኑ ዓይነት ሰርቨር በተለያየ ሌሊት አምስት ጊዜ ተከራይቼ ኤልኤስሲፒዩ የሚያወጣውን አስቀመጥሁ፤ ሦስቱ አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ ሁለቱ የቆየ ትውልድ ሆነው ተገኙ። በአዲሶቹ ላይ እርምጃው ወደ 3.4፣ በቆዩት ላይ ወደ 4.8 ይመለሳል።

የሂርማታም ግምት ልክ ነው። ስትሪም ከ6 ትሬድ በኋላ ከቁጥር የሚገባ ጭማሪ አላሳየም። ደብሊውአርኤፍን በ16 ፕሮሰስ (ጎን ለጎን የሚሄድ የስሌቱ ክፍል) ፋንታ በ8፣ እያንዳንዱን ከአንድ ኮር ጋር አስሬ ሳሂደው 3.5 ሰከንድ ሆነ፤ ማለትም ከባለ16ቱ የተለየው በ0.1 ብቻ ነው። ባለ32ቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አሁን አጭር ስክሪፕት ጽፌያለሁ። ሰርቨሩ እንደተነሳ የፕሮሰሰሩን ስም ያነብባል፤ የቆየው ትውልድ ከሆነ ወዲያው ሰርዞ ሌላ ይከራያል፣ የሚባክነውም የአንድና የሁለት ደቂቃ ኪራይ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካላገኘ በያዘው ይጀምርና የትንበያውን ርዝመት ከ48 ወደ 30 ሰዓት ያሳጥራል፤ ለቡና ማድረቂያ አልጋው የሚያስፈልገው የነገው ዝናብ ነውና። ከዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ጀምሮ ለአሥር ሌሊት አሂጄው ዘገምተኛውን ሌሊት እዚህ እጽፋለሁ።